በዲጂታል ጤና ለወጣቶች የሚከፈቱ የመሪነት በሮች፤ የቱ ያዘልቃል?

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነስቶ በለገሃር በኩል እስከ መስቀል አደባባይ በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ የአፍሪካን የጤና ፖሊሲ ከሚጽፉ፣ ከሚያጸድቁና ከሚያስፈጽሙ ተቋማት ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። በአንዱ ጫፍ የአፍሪካ ኅብረት፣ በሌላው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፤ መሃል ላይ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፤ ሱዳን ጎዳና ላይ ደግሞ ጤና ሚኒስቴር። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው የአህጉሩ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ አፍሪካ ሲዲሲም፣ በ2023 ደቡብ አዲስ አበባ የተሠራለት ሕንፃ እስኪመረቅ መቀመጫው የኅብረቱ ግቢ ነበር። የሌላ አገር ወጣት አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣበት ስብሰባ ለአዲስ አበባ ልጅ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው።

ሆኖም እዚህ ከተማ ብዙው ወጣት ዕድሉን የሚሰማው ከቴሌግራም ቻናል ነው። «ሙሉ ወጪው የተሸፈነ»፣ «ለአፍሪካ ወጣት ፈጣሪዎች»፣ «ሦስት ቀን ቀረው»። ይሞላል፣ ይላካል፣ ይጠበቃል፣ ይረሳል። ጥሪዎቹ ብዙ መሆናቸው መልካም ነው፤ ክፋቱ ሁሉም በአንድ ስም፣ «የመሪነት ዕድል» ተብለው መምጣታቸው ነው። የአምስት ቀን ሥልጠናም፣ የአንድ ዓመት የሥራ ቦታም፣ የገንዘብ ሽልማትም በዚያው ስም ይጠራሉ። እኔ አንዱን ከሌላው የምለይበት መመዘኛ ይህ ነው፦ ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ ይህ ነገር እጃችሁ ላይ ምን ይተዋል? የመወሰን ድርሻ፣ ኮድ የማጽደቅ መብት፣ የኮሚቴ ወንበር፣ ስማችሁ ያለበት መመሪያ? ወይስ ሰርተፊኬትና የቡድን ፎቶ?

ይህ መመዘኛ በጤና ላይ ከሌላው ዘርፍ ይልቅ የሚጠነክርበት ምክንያት አለ። የምግብ ማዘዣ መተግበሪያ የሠራ ሰው ገበያው ከተቀበለው ሌላ የሚያስፈቅደው ብዙም የለም። የጤና ሥርዓት ግን ባለቤት አለው፤ ሆስፒታሉ፣ ክፍለ ከተማው፣ ቢሮው፣ ሚኒስቴሩ። የኡጋንዳ ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በጥር 2012 የኤሌክትሮኒክ ጤና ሙከራዎች ሁሉ ባሉበት እንዲቆሙ አዘዘ። ፈጠራ ጠልቶ አልነበረም። በየፊናው የተጀመረው ሙከራ ብዛቱ፣ እርስ በርሱ አለመነጋገሩና የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ አብሮ መሞቱ ነው ያማረረው። ያ ትእዛዝ ዛሬም ድረስ በብዙ የጤና ኃላፊዎች አእምሮ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። አንድ ወጣት ቢሯቸው ገብቶ «አዲስ መተግበሪያ ሠራሁ» ሲል የሚያስቡት ያንን ትእዛዝ ነው።

አምስቱ በሮች

ሽልማት በጣም የሚታየው ነው። የብሪታንያው ሮያል አካዳሚ ኦቭ ኢንጂነሪንግ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚሰጠው የአፍሪካ የኢንጂነሪንግ ፈጠራ ሽልማት የጤና መሣሪያዎችን ደጋግሞ አንስቷል። ካሜሩናዊው አርተር ዛንግ እ.ኤ.አ. በ2016 ካርዲዮፓድ በተባለው መሣሪያ 25,000 ፓውንድ አሸነፈ፤ መሣሪያው ከልብ ሐኪም ርቆ ያለ በሽተኛን የልብ ምርመራ ውጤት ወደ ስፔሻሊስት የሚልክ ታብሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ኡጋንዳዊው ብራያን ጊታ ደም ሳይቀዳ ወባን ለመመርመር በታሰበው ማቲባቡ አሸነፈ። ሽልማት በር ያስከፍታል፤ ነገር ግን የሚሠራ ፕሮቶታይፕ (የመጀመሪያ ናሙና) ለሌለው ሰው ጊዜ ማባከኛ ነው። ደጋፊ የዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ተቋም ደብዳቤ የሚጠይቁ ሽልማቶችም ስላሉ፣ ያንን ደብዳቤ ለማግኘት የሚፈጀውን ሳምንት ከቀነ ገደቡ ላይ ቀንሳችሁ ቁጠሩ። እዚህ አገር ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት እስኪወጣ፣ ፈራሚው ከስብሰባ እስኪመለስ፣ ማኅተም እስኪያርፍበት ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የመነሻ ገንዘብ ሁለተኛው ነው። የቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን ለ54ቱም የአፍሪካ አገሮች ክፍት የሆነ፣ የማይመለስ 5,000 ዶላር ይሰጣል፤ ማመልከቻው በፈረንጆች አዲስ ዓመት መባቻ ላይ ይከፈታል። የዩኒሴፍ ቬንቸር ፈንድ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ያለ አክሲዮን ድርሻ ይሰጣል፤ በምትኩ ግን ድርጅቱ በሕግ የተመዘገበ፣ ሶፍትዌሩ ክፍት ምንጭ (ኮዱን ማንም አይቶ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል)፣ ፕሮቶታይፑም የሚሠራ መሆን አለበት። በመድኃኒት አቅርቦት ላይ ለሚሠሩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረው «ኢንቨስቲንግ ኢን ኢኖቬሽን አፍሪካ» ለየድርጅቱ 50,000 ዶላር ሲሰጥ ቆይቷል። የገንዘብ በር የሚጠቅመው የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና በድርጅቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ላላቸው ነው። እነዚህ ሳይኖሩ አሸንፎ የሚገኝ ሰው ገንዘቡን ለመቀበል ወራት ይሟገታል።

ሦስተኛው ፌሎውሺፕ፣ ማለትም በአንድ ተቋም ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ አበል እየተከፈለ መሥራት፣ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የዲጂታልና የኢኖቬሽን ፌሎውሺፕ ባለሙያዎችን በኅብረቱ መምሪያዎች ውስጥ አስቀምጦ ያሠራል። የኅብረቱ የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉትን ለ12 ወር ያሰማራል፤ ምደባው ግን ከአገር ውጭ ሊሆን ስለሚችል «መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሜክሲኮ ነው» ብሎ ማመልከት አያዋጣም። አፍሪካ ሲዲሲ ከኮፊ አናን ፋውንዴሽን ጋር የሚያካሂደው የጤና መሪነት ፕሮግራም አለ፤ እሱ ግን ትናንት ለተመረቀ ሳይሆን በጤና ሥራ ዓመታት ላስቆጠረ ሰው ነው። ፈረንሳይኛ ማወቅ በእነዚህ ቦታዎች ላይ ከብዙ ሰርተፊኬት ይበልጣል። አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ ይዞ ከዳካርና ከኪንሻሳ አመልካቾች ጋር መወዳደር ከባድ ነው።

አራተኛው የወጣቶች አማካሪ ቡድንና የጉባኤ መድረክ ነው። በአፍሪካ ሲዲሲ የሚዘጋጀው የአፍሪካ የሕዝብ ጤና ጉባኤ በ2021 በበይነመረብ፣ በ2022 ኪጋሊ፣ በ2023 ሉሳካ ተካሂዷል፤ ከዋናው ስብሰባ ቀደም ብሎ የወጣቶች ቅድመ ጉባኤም አለው። እዚህ ላይ አጭር ምክር አለኝ፦ ለተሳታፊነት ከማመልከት ይልቅ የጥናት አጭር መግለጫ አስገቡ። ተሳታፊ ይመለከታል፤ ጽሑፍ ያቀረበ ይጠየቃል፣ ይጠቀሳል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ይጠራል።

አምስተኛው፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው፣ ማመልከቻ የሌለው በር ነው።

ማመልከቻ የሌለው በር

ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው፤ የኢትዮጵያ ጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት የሚሰበሰበውም በእሱ ነው። ኦፕንኤምአርኤስ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ በኬንያ ኤልዶሬት መሠረቱን ያሰፋ የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ ነው። ኦፕንኤችአይኢ ደግሞ የተለያዩ የጤና ሥርዓቶች እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚነድፍ ማኅበረሰብ ነው፤ የእ.ኤ.አ. 2019 ዓመታዊ ስብሰባውን ያደረገው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር። ሦስቱም ውስጥ ለመግባት ፓስፖርት፣ ዕድሜ፣ የድጋፍ ደብዳቤ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ሥራ ነው። ሥራውም በስም ተመዝግቦ ይቀራል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ቀጣሪ የኮዱን ታሪክ ከፍቶ ማን ምን እንደጻፈ ማየት ይችላል።

አካሄዱ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ የማኅበረሰቡን የውይይት ገጽ ተቀላቀሉና ሁለት ሳምንት ብቻ አንብቡ። ቀጥሎ ሶፍትዌሩን በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ አስነሱ። በዶከር (ሶፍትዌርን ከነሚያስፈልገው ሁሉ ጠቅልሎ በሚያስነሳ መሣሪያ) የሚወርደው ፋይል ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ አትሞክሩት፤ የዩኒቨርሲቲ ወይም የቢሮ ዋይፋይ ፈልጉ፤ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ላፕቶፕ ይሠራል፣ ግን ብሮውዘሩንና ሌላውን ዝጉለት። ከዚያ ለጀማሪዎች ተብለው ከተለዩት ትንንሽ ብልሽቶች አንዷን ምረጡ፣ በስማችሁ አስመዝግቡ፣ ጠግናችሁ ላኩ።

የመጀመሪያው ጥገና አብዛኛውን ጊዜ ውድቅ የሚሆነው በሦስት ምክንያት ነው። በአንድ ጊዜ ሦስት የማይገናኙ ለውጦችን ማጨቅ አንዱ ነው። ለውጡ እንደሚሠራ የሚያረጋግጥ ፈተና አለመጻፍ ሁለተኛው። ሦስተኛውና የከፋው ገምጋሚው አስተያየት ሲሰጥ ለሳምንታት ዝም ማለት ነው። «አሁን ኔትወርክ የለኝም፣ ሐሙስ እመለስበታለሁ» ብላችሁ አንድ መስመር ጻፉ፤ ይበቃል። ኦፕንኤምአርኤስ የገንቢዎችን ደረጃ ከአንድ እስከ አምስት ከፍሎ ያስቀምጣል። የላይኞቹ እርከኖች ላይ ያለ ሰው የሌሎችን ሥራ ይገመግማል፣ ምን እንደሚገባና እንደማይገባ ይወስናል። መሪነት ማለት ይህ ካልሆነ ሌላው ምን እንደሆነ አላውቅም። ጉግል ሰመር ኦቭ ኮድ በበኩሉ እንዲህ ባሉ ፕሮጀክቶች ላይ ለሚሠሩ ጀማሪዎች አበል ይከፍላል፤ የሚመረጡትም ጥሪው ከመከፈቱ ወራት በፊት ማኅበረሰቡ ውስጥ የታዩት ናቸው።

ኮድ የማይጽፉ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶችም ቦታ አላቸው። የዲኤችአይኤስ 2 እና የኦፕንኤምአርኤስ ገጽታ ትራንስፊክስ በተባለው መድረክ ላይ ይተረጎማል። አንድ የማዋለጃ ክፍል ነርስ የምትመርጠው ቃል ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠና ሰው ከሚመርጠው ይሻላል፤ ሥራ ላይ ያለው ሰው ሪጂስተሩን በምን ስም እንደሚጠራው የምታውቀው እሷ ናትና። ከዚያ የሚሻገሩት ወደ መስፈርት ጽሑፍ ነው፤ «ይህ ቅጽ ምን መጠየቅ አለበት፣ ምን መከልከል አለበት» የሚለውን የሚጽፈው ሰው ከገንቢው በላይ ይሰማል።

ማመልከቻ ላይ ሰው የሚጥሉ ትንንሽ ነገሮች

የትውልድ ዓመት። የልደት ካርዳችሁ ላይ 1984 የሚል ካለ እና ያንኑ በእንግሊዝኛ ቅጽ ላይ ካስገባችሁ፣ ሥርዓቱ 40 ዓመት ያለፈው ሰው አድርጎ ይመዘግባችኋል። የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 35 ዓመት ያለውን ስለሆነና ብዙ ጥሪዎች ያንን ጣሪያ ስለሚከተሉ፣ ማሽኑ ሰው ሳያየው ይጥለዋል። የ1984 ተወላጅ በፈረንጆች 1991 ወይም 1992 ነው፤ ታኅሣሥ ማገባደጃ ላይ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ከመግባቱ በፊትና በኋላ ለይታችሁ ቀይሩ።

ሰዓት። የሰኞ 23:59 ጂኤምቲ ማለት እኛ ዘንድ ማክሰኞ ሊነጋ፣ ከሌሊቱ 8:59 ነው፤ እዚህ ላይ ሦስት ሰዓት ትርፍ አላችሁ። የቀን 12:00 ጂኤምቲ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ይህን «አሥራ ሁለት ሰዓት» ብሎ አንብቦ ማታ ሊልክ የተቀመጠ ሰው በሩ ከተዘጋ ሦስት ሰዓት አልፎታል።

ስም። የአባት ስም በአንዱ ሰነድ «የቤተሰብ ስም»፣ በሌላው «መካከለኛ ስም» ሆኖ ይገባል። በፓስፖርቱ፣ በባንክ ሒሳቡና በማመልከቻው ላይ ያለው የላቲን ፊደል አጻጻፍ አንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ከውጭ የተላከ ገንዘብ ሊመለስ ይችላል። ከማመልከታችሁ በፊት የፓስፖርቱን አጻጻፍ ያዙና ሁሉንም በእሱ አስተካክሉ።

የማመልከቻ ክፍያ፣ «የቪዛ ማስኬጃ» ወይም የሞባይል ገንዘብ ዝውውር የሚጠይቅ ጥሪ ካጋጠማችሁ ዝጉትና ሂዱ።

ገምጋሚ የሚፈልገው ዝርዝር

ብዙ ማመልከቻ «በአፍሪካ የጤና መረጃ ችግር አለ» ብሎ ይጀምራል። ይህን ገምጋሚው ያውቃል። አንድ ተቋም፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው ግን ወዲያው ይለያል። ለምሳሌ ካርድ ክፍልን እንውሰድ። ሦስት የተለያዩ ቀናት ምረጡ፤ አንዱ ሰኞ ይሁን፣ ሰኞ የሚጨናነቅ ነውና። በየቀኑ 30 በሽተኞችን ተከታትላችሁ ካርድ ከተጠየቀበት እስከተገኘበት ያለውን ደቂቃ መዝግቡ፤ ያልተገኘውንና አዲስ ካርድ የወጣለትን ለይታችሁ ቁጠሩ። 90 መስመር ያለው አንድ ወረቀት ነው። ከሥርዓታችሁ በፊት የነበረውን የሚያሳይ ቁጥር ከሌላችሁ በኋላ የመጣውን ለውጥ ማንም አያምናችሁም።

ይህን ለማድረግ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከድርጅታችሁ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ በመዝገብ ቤት በኩል ለሜዲካል ዳይሬክተሩ አስገቡ፤ ቁጥሩንና ቀኑን ጻፉና ያዙ፣ «ደብዳቤው የት ደረሰ» ለማለት የሚያስችለው እሱ ብቻ ነው። የበሽተኛ መረጃ የምታዩ ከሆነ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይቀድማል፤ ኮሚቴው ፕሮቶኮሉን፣ መጠይቁን፣ የአጥኚዎቹን የሥራ ልምድና በአማርኛ የተጻፈ የፈቃደኝነት ቅጽ ይጠይቃል። ኮሚቴው በየቀኑ አይሰበሰብም፤ የእርማት ዙርም አለው። ላፕቶፕ ስትይዙ በር ላይ መለያ ቁጥሩን ማስመዝገብ አትርሱ፤ ያልተመዘገበ ላፕቶፕ ይዞ መውጣት ከመግባት ይከብዳል።

የሪፖርት ሰሞንን አክብሩ። የጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት ከወሩ 21 ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ወር 20 ያለውን ይይዛል። ስለዚህ ከ20 በኋላ ባሉት ቀናት የጤና መረጃ ባለሙያውን «አንድ ሰዓት ስጠኝ» ማለት አጉል ነው። ይኸው አቆጣጠር ሌላም ወጥመድ አለው፦ የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ሲሆን ጳጉሜን መሃሉ ላይ ስላለች 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። ይህን ያላወቀ የትንበያ ሞዴል በየዓመቱ መስከረም ላይ ወረርሽኝ ገባ ብሎ ያስጠነቅቃል። እዚህ ያለ ወጣት ከውጭ ከሚመጣ አማካሪ የሚበልጠው እንዲህ ባለው ላይ ነውና ማመልከቻው ውስጥ ጻፉት።

የስም ፍለጋም እንዲሁ። ፀሐይ የምትባል በሽተኛ በአንዱ ቀን ፀሃይ፣ በሌላው ጸሐይ ተብላ ትመዘገባለች፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ናት። ሀን ከሃ፣ ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ አንድ አድርጎ የሚያነጻጽር ደንብ ከፍለጋው በፊት መግባት አለበት። የቤተሰብ ስም ስለሌለን ማዛመጃው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ላይ፣ ከተቻለም የእናት ስም ላይ መመሥረት አለበት። የፋይዳን 12 አሃዝ ቁጥር ዋና መለያ ማድረግ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ያልተመዘገበ ሰውና አራስ ሕፃን ሲመጣ ሥርዓቱ ይቆማል። ለሥርዓቱ የራሱን መለያ ስጡት፤ ፋይዳን እንደ ተጨማሪ መስክ ያዙት።

መልእክት የሚልክ ሥርዓት ከሆነ ደግሞ ሒሳቡን በፊደላችን አስሉ። በላቲን ፊደል አንድ የጽሑፍ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ እየተቆራረጠ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ቁራጭም 67 ይይዛል። ስለዚህ 130 ፊደል ያለው የቅድመ ወሊድ ማስታወሻ የሁለት መልእክት ዋጋ ያስከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚመክረው 8 ክትትል ለ1,000 እናቶች አንድ አንድ ማስታወሻ ብትልኩ 8,000 ሳይሆን 16,000 መልእክት ትከፍላላችሁ። በጀቱን በግማሽ አሳንሶ ያቀረበ አመልካች በስድስተኛው ወር ላይ ይቆማል። ማስታወሻውን ከ70 ፊደል በታች ማሳጠር ይቻላል፤ የበሽታውን ስም ማውጣትም ምስጢር ይጠብቃል፣ ስልኩ የባል ወይም የጎረቤት ሊሆን ይችላልና።

ስለ በጀት ስናነሳ፣ 5,000 ዶላር አግኝቶ አራት ታብሌት ገዝቶ የጨረሰ ፕሮጀክት ከሆስፒታሉ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚገኘው። እንደ እኔ ከሆነ ለመሣሪያ ከሲሶ በላይ አይውጣ። ሥልጠናን ሁለት ዙር ያዙ፤ ኢንተርኖችና ነርሶች ክፍል እየቀየሩ ስለሚዞሩ የመጀመሪያውን ዙር የሰለጠነው ሰው ወር ሳይቆይ ሌላ ቦታ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ፣ ከኔትወርክ ውጭ የሚሠራ ገጽ፣ እና ሲገናኝ ሁለት ሰው የቀየረው አንድ መዝገብ የቱ ይጽና የሚል ደንብ የግድ ናቸው። የመጨረሻውን ደንብ ሐኪሞቹ ይወስኑት እንጂ ፕሮግራመሩ ብቻውን አይወስንም፤ የመድኃኒት አለርጂ ላይ «የመጨረሻው ያሸንፋል» የሚል ደንብ ሰው ይጎዳል።

ከሕግ በኩል፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ይመድበዋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃን ከአገር ውጭ ማስተላለፍ ቅድመ ሁኔታ ስላለው «ሰርቨራችን ፍራንክፈርት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከማመልከቻው ላይ ጥያቄ ያስነሳል። በአህጉር ደረጃ የአፍሪካ ኅብረት የሳይበር ደኅንነትና የግል መረጃ ጥበቃ ስምምነት፣ የማላቦ ስምምነት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ጸድቆ በሰኔ 2023 ሥራ ላይ ውሏል። ሁለቱን ያነበበ ወጣት በስብሰባ ላይ ከብዙ ባለሥልጣን የተሻለ ይመልሳል፤ አንድ ቅዳሜ የሚጨርሰው ንባብ ነው።

ከተመረጣችሁ በኋላ

ፌሎውሺፕ ላይ የሚደርሰው ትልቁ ብክነት ወጣቱ የማኅበራዊ ሚዲያ ፖስተር ሠሪ ሆኖ መቅረቱ ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ የቅርብ ኃላፊያችሁ ማን እንደሆነ፣ የትኛው ሥርዓት ላይ የመግቢያ ፈቃድ እንደሚሰጣችሁ፣ በዓመቱ መጨረሻ ስማችሁ የሚያርፍበት አንድ ሰነድ ወይም ምርት የትኛው እንደሆነ። ሦስተኛውን የማይመልስ ተቋም የሚፈልገው እጅ እንጂ ሐሳብ አይደለም። አበሉ ጥሩ ከሆነ መግባቱ አይከፋም፤ ብቻ አውቃችሁ ግቡ።

የገንዘቡን ምንጭም ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲታገድ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የጤና መረጃ ፕሮጀክቶች በቀናት ውስጥ ቆመዋል። የአንድ ለጋሽ ብቻ የሆነ የሥራ ቦታ ላይ እያላችሁ ሁለተኛ መንገድ ማበጀት ክህደት አይደለም።

የኮድ ባለቤትነት ላይ ደግሞ ውሉን በደንብ አንብቡ። ፌሎውሺፑ ከመጀመሩ በፊት የጻፋችሁት ኮድ ካለ ዝርዝሩንና ቀኑን በአባሪ አያይዙ፤ አለዚያ «በሥራ ዘመኑ የተሠራ ሁሉ የተቋሙ ነው» የሚለው አንቀጽ ይወስደዋል። ድርሻ ለባለሀብት ሸጣችሁ ከሆነም ክፍት ምንጭ ለሚጠይቅ ፈንድ ከማመልከታችሁ በፊት ባለሀብቱ በጽሑፍ ይስማማ።

በቴክኒክ የሥራ ቡድን ስብሰባዎች ላይ ታናሹ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሥራ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። ብዙዎች ይከፋቸዋል፤ እኔ ግን እሺ በሉ እላለሁ። «ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ» የሚለውን ሰንጠረዥ የሚጽፈው ሰው ቀጣዩን አጀንዳ ያረቅቃል፤ ሳይፈጸም የቀረውን የሚያነሳውም እሱ ነው። ቃለ ጉባኤው በማግስቱ ከተላከ ሰው ያርመዋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከተላከ ማንም አያነበውም። ሁለት ሦስት ስብሰባ እንዲህ ካለፈ በኋላ የመስፈርት ሰነዱን ረቂቅ ጻፍ መባል ይመጣል።

የምትሠሩት ነገር ከዓመቱ በላይ እንዲኖር ከፈለጋችሁ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 እንደሚጀምር አስቡ። የሰርቨር ኪራይ፣ የኔትወርክና የጥገና ወጪ በሆስፒታሉ ዕቅድ ውስጥ መግባት ያለበት ከዚያ በፊት፣ ዕቅዱ ሲዘጋጅ ነው። የለጋሹ ገንዘብ በታኅሣሥ የሚያልቅ ከሆነ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ያለውን ክፍተት ማን እንደሚሸፍን ገና በመጀመሪያው ወር ጠይቁ። ስትወጡ ደግሞ የርክክብ ወረቀት ይዘጋጅ፦ የዶሜይኑ (የድረ ገጽ አድራሻው) ባለቤት ማን እንደሆነና መቼ እንደሚታደስ፣ ሰርቨሩ በማን ካርድ እንደሚከፈል፣ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል የትኞቹ ሁለት ሰዎች ጋር እንዳለ፣ የኮዱ ማከማቻ በማን ስም እንደተከፈተ፣ የመጨረሻው ባክአፕ መቼ ተመልሶ እንደተሞከረ። አንዱን ቅጂ ለጤና መረጃ ባለሙያው ስጡ፣ ሌላውን በመዝገብ ቤት አስገቡና የገቢ ቁጥሩን ያዙ።